ባለቤት የለውም የተባለው ሜዳ



በ2017 ከዒድ በኋላ ባለው እሑድ ረፋድ ላይ ነው። የመድረሳውን ትምህርት ጨርሰን ኪታቦቹን ወደ ሣጥናቸው ስንመልስ አንድ ልጅ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ቀረ። ይህ ልጅ በሥራ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል የሒሳብ ተማሪያችን ነው፤ እሑድ ደግሞ በመድረሳ እናገኘዋለን። በዚህ ምክንያት ሲጠራን አንዳንዴ «ቲቸር»፣ አንዳንዴ «ኡስታዝ» ይለናል። ያን ቀን «ኡስታዝ» አለን፤ ስልኩንና ደብተሩን አንድ ላይ ደርቦ ይዞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሰባት ወር ሙሉ በአንድ አዲስ ማኅበራዊ መድረክ ላይ አጫጭር ጽሑፎች ሲጽፍ ቆይቷል። መድረኩ ያልተማከለ ነው፤ አለቃ የለውም፤ የሚወደድና የማይወደደውን የሚወስነው ሕዝቡ ራሱ ነው ተብሏል። እርሱም አምኖ ጻፈ። የሚያነብለት ግን አልተገኘም። ስንፍና መስሎት ጽሑፉን አሻሻለ፤ ሰዓቱን ቀያየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የሒሳብ ተማሪ ነውና ደብተር አወጣና ሠላሳ ቀን ሙሉ በየማለዳው ከላይ የተሰቀሉትን ጽሑፎችና የጸሐፊዎቻቸውን ስም መዘገበ። ሠንጠረዡን አሳየን። በሠላሳው ቀን ውስጥ ከላይ የተፈራረቁት በአብዛኛው ያው አሥራ አንድ ስሞች ነበሩ።

«ኡስታዝ፣ ባለቤት ከሌለው የሚመርጠው ማነው?» አለን። እኛ መልስ ስንፈልግ፣ አንገቱን ደፍቶ ጨመረበት፤ «ባለቤት የለውም ብለው ለወንድሜ የነገሩት እኮ እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው። ወንድሙ በ2010 ተማሪያችን ነበር። እኛም ያን ጊዜ ማስተማር ከጀመርን ብዙ ያልቆየን፣ አፋችን የሚቀድመን ወጣቶች ነበርን። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ስትተርፈን ጠመኔውን አስቀምጠን ስለ ዓለም አዳዲስ ነገሮች እናወራ ነበር። ከእነዚያ ወሬዎች አንዱ «ማንም ሊዘጋው የማይችል፣ ማንም የማያዝበት ሜዳ ተገኘ» የሚል ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደቸኮልን ዛሬ ሲጠየቅ ምክንያት አይጠፋም። በ2008 ሐምሌ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሾልኮ ወጥቷል በሚል ማኅበራዊ መድረኮች ተዘጉ፤ በ2009 መስከረም ማብቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣና እንደገና ተዘጉ። ከዚያ በኋላም በ2011 ሰኔ፣ በ2012 ሰኔ ማብቂያ ላይ እንዲሁ ሆነ። አንድ ሰው አንድ ቦታ ቁልፍ ሲጫን አገር በሙሉ ዝም ሲል ያየ ሰው፣ ቁልፉ በአንድ እጅ ያልሆነበት ነገር አለ ሲባል ልቡ ይሰፋል። የእኛም ልብ ሰፋ። ችግሩ ልብ ሲሰፋ ዓይን መጥበቡ ነው።

ያን ጊዜ ለተማሪዎቹ የነገርናቸው ስለ ስቲም ነበር። ስቲም እ.ኤ.አ. በማርች 2016 በኔድ ስኮትና በዳን ላሪመር የተጀመረ የብሎክቼይን መዝገብ ነው፤ ስቲሚት የተባለው ገጽ ደግሞ በእርሱ ላይ የቆመ የመጻፊያና የማንበቢያ ሜዳ ነበር። ጽሑፍህን ታወጣለህ፤ አንባቢ ድምፅ ይሰጥሃል፤ በድምፁ መጠን ስቲም የተባለውን የዲጂታል ገንዘብ ታገኛለህ። መዝገቡ በብዙ አገር በሚገኙ ማሽኖች ላይ የተባዛ ስለሆነ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይሠራል። ይህ ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ለተማሪዎቹ ያልነገርናቸው፣ እኛም ያላየነው ሌላ ነገር ነበረ እንጂ።

ድምፅ አንድ ለሰው አልነበረም። የድምፅህ ክብደት የሚለካው አስረህ ባስቀመጥከው ስቲም ብዛት ነው። ይህም ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ሽልማቱ የሚሰላው በድምፁ ክብደት ካሬ ነበር። እስቲ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እናስቀምጠው። አንዱ 10፣ ሌላው 1,000 አለው እንበል። ልዩነታቸው አንድ ለመቶ ነው። ሁለቱም በካሬ ሲባዙ አንዱ 100፣ ሌላው 1,000,000 ይሆናል፤ ልዩነቱ አንድ ለአሥር ሺህ ሆነ ማለት ነው። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ተለውጦ ተራ ተመጣጣኝ ሆነ። ይሁንና ከዚያ በኋላ ደግሞ ድምፃቸውን በገንዘብ የሚሸጡ ፕሮግራሞች በረከቱ፤ ከፍለህ ጽሑፍህን ወደ ላይ ታስወጣለህ። ተማሪያችን በደብተሩ የመዘገበውን ዓይነት ሠንጠረዥ ያን ጊዜ ቢሠራ ኖሮ የሚያገኘው መልስ ከዚህ እምብዛም የሚለይ አይመስለንም።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው ቀን ነገር አለ። ስቲም ሲጀመር ብዙ ሰው ጉዳዩን ሳይሰማ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሥራቹ ኩባንያ ራሱ አብዛኛውን ገንዘብ አመረተና ያዘ። በኋላ እየቀነሰ ሄዶም እ.ኤ.አ. በ2020 መባቻ በእጁ የቀረው ከጠቅላላው ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋ ነበር። ኩባንያው ይህ ድርሻ ለልማትና አዲስ ተጠቃሚ ለመሳብ የሚውል እንጂ በአመራር ምርጫ ድምፅ የሚሰጥበት እንዳልሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ሕዝቡም ቃሉን ይዞ ተቀመጠ። ቃሉ ግን ቃል ብቻ ነበር፤ በመዝገቡ ሕግ ውስጥ አልተጻፈም።

የአመራር ምርጫው ምን ይመስል እንደነበር በደንብ መናገር ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ ማጠፊያ እዚህ ላይ ነውና። መዝገቡን የሚጽፉትና ሕጉን ማሻሻል የሚችሉት «ምስክሮች» የተባሉ ናቸው። በድምፅ ብልጫ ሃያዎቹ ከላይ ይቀመጣሉ፤ ሕግ ለመለወጥ ከሃያው የአሥራ ሰባቱ ስምምነት ይፈለጋል። እያንዳንዱ መራጭ እስከ ሠላሳ ምስክር ድረስ መምረጥ ይችላል፤ ለእያንዳንዱም ሙሉ ክብደቱን ይሰጣል። ሲሰሙት ልግስና ይመስላል። አርባ ልጆች ያሉበት ክፍል ሃያ አባላት ያሉት ኮሚቴ ይምረጥ እንበልና ለያንዳንዱ ልጅ ሠላሳ ድምፅ እንስጠው። ሃያ አንዱ ልጆች ተማክረው በተመሳሳይ ሃያ ስሞች ላይ ቢስማሙ፣ ሃያዎቹም ወንበሮች የእነርሱ ናቸው። የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ልጆች አንዲት ወንበር እንኳ አያገኙም። እዚያ ደግሞ የሚቆጠረው ልጁ ሳይሆን በኪሱ ያለው ነው። እንግዲህ ከሌላው የሚበልጥ ክምችት በእጁ የገባ አንድ ሰው ብቻውን ሃያውንም መሾም ይችል ነበር ማለት ነው። በሩ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ክፍት ነበር፤ የሚገባበት ስላልመጣ ብቻ የተዘጋ መሰለ።

በኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2020፣ በእኛ የካቲት 6 ቀን 2012፣ የትሮን መሥራች ጀስቲን ሰን የስቲሚትን ኩባንያ መግዛቱ ተሰማ፤ ያ ሁሉ ድርሻም አብሮ በእጁ ገባ። ምስክሮቹ ደነገጡ። ዘጠኝ ቀን ያህል ቆይተው መዝገቡ ላይ ማሻሻያ አደረጉና የኩባንያውን ድርሻ ድምፅ እንዳይሰጥና እንዳይንቀሳቀስ አሰሩት። ያን ጊዜ አንብበን ደስ አለን፤ «ሕዝቡ ራሱን ተከላከለ» አልን። ዛሬ ቀዝቀዝ ብለን ስናየው ግን፣ ሰውየው ገና ምንም ሳያደርግ በገንዘቡ የገዛውን ነገር ነው ያሰሩበት። ያሰሩትም ተሰብስበው መወሰን የሚችሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። አለቃ የለውም የተባለው ሜዳ አለቆች እንዳሉት ያወቅነው ለእኛ በሚመቸን በኩል ሲያዙ ስላየናቸው ነው፤ ስለዚህም አልተቆጣንም።

ማርች 2 ቀን 2020 የባሰው ሆነ። ባይናንስ፣ ሁዎቢና ፖሎኒክስ የተባሉት የዲጂታል ገንዘብ መገበያያዎች ደንበኞቻቸው በአደራ ያስቀመጡትን ስቲም አስረው ለሰን ወገን ምስክሮች ድምፅ ሰጡበት። በአንድ ቀን የቀድሞዎቹ ምስክሮች ከወንበራቸው ተነሡ፤ ማሰሪያውም ተፈታ። በጊዜው በነበረው የስቲም ሕግ ለድምፅ የታሰረ ገንዘብ ተፈትቶ የሚያልቀው በአሥራ ሦስት ሳምንት ነበር። እንግዲህ በአደራ ያስቀመጠው ሰው ሳይጠየቅ ንብረቱ ታሰረበት፤ ባላወቀው ምርጫም ድምፅ ሰጠበት።

በልጅነታችን ሸሃችን የወዲዓን፣ ማለት በአደራ የተቀመጠ ንብረትን ምዕራፍ ሲያስቀሩን በበቅሎ ነበር ምሳሌ የሚሰጡት። ጎረቤትህ በቅሎውን አደራ ብሎህ መንገድ ሄደ። በቅሎዋ ያለ ጥፋትህ ብትሞት ዕዳ የለብህም፤ ነገር ግን አንዲት ቀን ብቻ ጭነህ ገበያ ከሄድክባት፣ ከዚያ በኋላ ለሚደርስባት ሁሉ ተጠያቂ ነህ። እኛ ልጆቹ «ገበያው ቅርብ ቢሆንስ?» እያልን እናስቸግራቸው ነበር። ሸሁ (አላህ ይዘንላቸው) ሳቅ ብለው «የሩቅና የቅርብ ነገር አይደለም፤ የማን በቅሎ ናት?» ይሉናል። ከሃያ ዓመት በኋላ በኮምፒውተር ላይ ያን ጥያቄ እንሰማዋለን ብለን አልጠበቅንም። ባይናንስና ሁዎቢ ነቀፋው ሲበዛ ድምፃቸውን አንሥተዋል፤ የባይናንሱ ኃላፊም በምርጫው ጣልቃ የመግባት ፍላጎት እንደሌላቸው ተናገረ። በቅሎዋን መልሰናል ማለት ነው። ገበያው ግን ተሄዷል።

ቀጥሎ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። ሁለቱም ወገኖች አሥራ ሰባት ወንበር ሊያገኙ አልቻሉም፤ ተፋጠጡ። በዚያው ሰሞን በአገራችን የኮሮና በሽታ ገብቶ መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እኛም ቤት ውለን ይህንኑ ስናነብ እንውል ነበር። መጋቢት 11 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 20፣ የቀድሞዎቹ ሰዎች መዝገቡን ገልብጠው ሃይቭ የተባለ ሌላ ሜዳ መሠረቱ። የሁሉንም ሰው ሒሳብ እንዳለ ገለበጡለት፤ የኩባንያውን ድርሻና የሰንን ምስክሮች የደገፉ አንዳንድ ሒሳቦችን ግን ሳይገለብጡ ተዉ። ስቲም የቀረላቸው ደግሞ ሁለት ወር ቆይተው፣ ሜይ 20 ቀን 2020፣ በመዝገቡ ማሻሻያ ከ64 ሒሳቦች ወደ 23.6 ሚሊዮን የሚጠጋ ስቲም ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አወጡ። እኛ ወገን መለየት ካለብን ልባችን ወደ ሃይቭ ሰዎች ያደላል፤ ያለ ፍርድ መውረስና አዲስ ቤት ሠርቶ እገሌን አላስገባም ማለት አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡምና። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች «የሕዝቡ ፈቃድ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ ሕዝቡ ከሚሉት ውስጥ እነማንን እንደሚቀንሱ ያውቁ ነበር።

ይህን ሁሉ ለተማሪያችን በሁለት እሑድ ተረክንለት። እርሱ የሚጽፍበት መድረክ ስቲም አይደለም፤ ስሙን መጥራትም አያስፈልግም። ዛሬ ስማቸው የሚነሣ ሌሎችም አሉ። ኦይገን ሮኽኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን አገር የጀመረው ማስቶዶን ገንዘብ የለበትም፤ በየአገሩ ሰዎች የራሳቸውን ሰርቨር ተክለው እርስ በርስ ይገናኛሉ። የአንተን ሰርቨር የሚያስተዳድረው ሰው ግን ሊያግድህ፣ ሰርቨሩንም ከሌሎች ሊቆርጥ ይችላል። ተቆጥተህ ወደ ሌላ ብትሄድ ተከታዮችህ ይከተሉሃል፤ የጻፍካቸው ግን አብረውህ አይመጡም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በሩን ለሁሉም የከፈተው ብሉስካይ ደግሞ ማንም የራሱን ማስቀመጫ እንዲተክል ይፈቅዳል፤ አብዛኛው ሰው የተቀመጠው ግን በኩባንያው ማሽኖች ላይ ነው። መቼም ሁሉም ሰው የራሱን ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ቧንቧ ወዳለበት ይሄዳል።

ልጁ ሲያዳምጠን ቆየና «ታዲያ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?» አለን። «እኛማ ቁልፉ በእጃችን ቢሆን…» ብለን ጀመርን። አልጨረስነውም። የምንናገረው ነገር ጉሮሯችን ላይ ቆመ፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

የመድረሳችን የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ አባላቱ 58 ናቸው፤ ልጁም አንዱ ነው። ስንከፍተው «እዚህ አለቃ የለም፤ ሁሉም በሹራ ነው» ብለን የጻፍነው እኛው ነን። በጥር ወር የተሰበሰበ ገንዘብ ነበረና አንዱ ወገን የመድረሳው ጣሪያ ከክረምት በፊት ይጠገን፣ ሌላው ኪታብ ይገዛ አለ። ድምፅ እንስጥ ተባለ። እኛ ኪታብ ፈልገን ነበር፤ ያውም አዲስ አበባ መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ካሉት ሱቆች የትኛውን የትኛውን እንደምንገዛ ዝርዝር ይዘን። ማታ ላይ ስንከፍተው ጣሪያ 26፣ ኪታብ 17 ይላል። ጥያቄው በደንብ አልተጻፈም የሚል ሰበብ ለራሳችን ሰጠንና አጠፋነው። በቴሌግራም አስተዳዳሪ ያጠፋውን ነገር ተራው አባል አያየውም። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ነጋዴውና የልጆች እናት ተኝተው ወጣቱ ስልኩ ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ በአዲስ አጻጻፍ እንደገና ከፈትነው፤ ጠዋት ዘጋነው። ኪታብ 24፣ ጣሪያ 15።

በማግስቱ አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን፣ ዛሬ ነርስ ናት፣ «ኡስታዝ፣ የመጀመሪያው ድምፅ የት ሄደ?» ብላ ጻፈች። «በስሕተት የተሠራ ስለነበር ነው እኅቴ» አልናት። ሌላ ቃል አልጻፈችም፤ ሳምንት ሳይሞላ ከግሩፑ ወጣች። እኛም ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልን። እንግዲህ ስለ ሰን፣ ስለ ባይናንስ፣ ስለ ምስክሮቹ ሁለት እሑድ ሙሉ ስንፈርድ ይህ ነገር በጎናችን ተቀምጦ ነበር።

ለልጁ ያን ጊዜ አልነገርነውም፤ አፈርን። የነገርነው በሦስተኛው እሑድ ነው፤ ከዚያ በፊት ዓርብ ማታ ለግሩፑ የሆነውን እንዳለ፣ ቁጥሮቹ ሳይቀሩ፣ ጽፈን ነበር። ኪታብ የሚያመጣልን ሰው ጉዞው ስለዘገየ ገንዘቡ አልወጣም ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ድምፁ ሦስት ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ እንደገና ተሰጠ፤ ጣሪያ 33፣ ኪታብ 16። አንዳንዶች በግል ጽፈው «ለምን ራስዎን ያዋርዳሉ፤ ማንም አላወቀም ነበር እኮ» አሉን። አንድ ታላቃችን የሆኑ ሰው ደግሞ «እኔ አውቄ ነበር፤ ኡስታዙን ላለማስቀየም ዝም አልኩ» አሉ። ከሁሉ የከበደን የእርሳቸው ነው። ስንት ሰው እንዲህ ዝም ብሎልን ይሆን?

ቆርቆሮው በሰኔ መጀመሪያ ተመታ። ግሩፑም ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሦስት አስተዳዳሪዎች ተጨምረውለታል፤ አንዷ ሴት ናት። ይህን ለተማሪያችን ስንነግረው እንደሚደሰት ጠብቀን ነበር። ደብተሩን ከፈተ፣ የአራታችንን ስም በአንድ መስመር ጻፈና ጥቂት አሰበ።

«ኡስታዝ፣ ሦስቱን ማውረድ የሚችል አለ?» አለን።

አለ። ግሩፑን የከፈተው ሰው ይችላል፤ እኛ ነን። ስሙን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል፤ ግን ያም ሰው እንዲሁ ይችላል። ልጁ ከአራቱ ስሞች በአንዱ ሥር መስመር አሰመረ። በሚመጣው እሑድ እንነጋገርበታለን ተባብለናል፤ ኢንሻአላህ። ለነርሷ እኅታችን የላክነው ይቅርታ መነበቡን ቴሌግራሙ ያሳያል፤ መልስ ግን እስከ አሁን አልመጣም።